በጨረታ የተገዛ ድረሱልኝ

ራሊን ሆክሊ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ፣ በብርቱካንማው መሣሪያ ጎን ላይ የታተመውን ፊደልና ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ አነበበች። በሌላው ጫፍ ያለችው የባሕር አደጋ መሣሪያዎች ምዝገባ ሠራተኛ መዝገቡን አየችና፣

«ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ይሄ ቁጥር እኛ መዝገብ ላይ አለ» አለች። «የአንድ ሽሪምፕ አጥማጅ ጀልባ ነበር። ባትሪው ስላለቀ አስወግደነዋል ብለው ካሳወቁን አምስት ዓመት አልፏል።»

«እኔ እኮ አዲስ ባትሪ የገባለት ነው ተብዬ ነው የገዛሁት። የሚያልቅበት ቀን እዚህ ላይ ተጽፏል።»

«ማን እንደጻፈው አላውቅም። ብቻ ባሕር ላይ ይዘውት እንዳይወጡ።»

ራሊን ስልኩን ዘጋች። መሣሪያው ከውኃ ጠርሙስ አይበልጥም። ጀልባ ሲገለበጥ ቁልፉን ይጫኑታል፤ እሱ ወደ ሳተላይት ይጮኻል፤ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሩ ወዴት እንደሚበር ያውቃል። የመንደሯ የተምቢ ቤይ ዓሣ አጥማጆች «ድረሱልኝ» ይሉታል። ራሊን ይህን ባሕር ለሚወጣው ባሏ ለዴስ ስልሳኛ ልደት ነበር የገዛችው። የድሮው መሣሪያው ጊዜው ሊያልፍበት ወር ቀርቶት ነበርና።

በወፍራም ጥፍሯ የቀኑን ወረቀት ጠርዝ ፋቀችው። እንዳሰበችው በቀላሉ ተላቀቀ። ከሥሩ የፋብሪካው መለያ ነበር። እዚያ ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

ያኔ ደሟ ፈላ።

ራሊን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ነድታለች። ከሥራዋ ሌላ የምትታወቅበት ነገር ቢኖር የኢንተርኔት ጨረታ ነው። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፑ፣ ዴስ የክሪኬት ጨዋታ የሚሰማበት ሬዲዮ፣ ካሜራው፣ ሁሉም በጨረታ የመጣ ነው፤ ሁሉም ይሠራል። ጨረታው ሊዘጋ ሃያ ሴኮንድ እስኪቀረው ድረስ ዝም ብላ ትጠብቅና የመጨረሻውን ዋጋ ታስገባለች። በመንደሩ ራሊንን ሳያማክር ስልክ የሚገዛ ሰው አልነበረም። ከሱቅ የገዛ ሰው ካጋጠማት ደግሞ ዋጋውን ትጠይቀዋለች፤ ሲነግራት ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፤ ሰውየውም ያፍራል። ይህን ድረሱልኝ ሱቅ ውስጥ ከሚሸጥበት ግማሽ በማይሞላ ዋጋ፣ በመቶ አርባ ዶላር ስታሸንፈው ብቻዋን ስቃ ነበር።

ዴስ ከጓሮ ሲገባ መሣሪያውንም የተላጠውንም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አገኘው። የልደቱ ስጦታ መሆኑን የሰማው በዚያው ነበር። የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫነ። አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች።

«ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው» አለ። «መብራት ለማብራት የምትበቃ የባትሪ ጠብታ ቀርታለች። ሳተላይት ድረስ ለመጮኽ ግን፣ ያውም እንደሚጠበቅበት ሁለት ቀን ሙሉ፣ ምንም የለውም።»

«ይዘኸው ልትወጣ ነበር።»

«ነበር።»

«ዴስ፣ ይዘኸው ልትወጣ ነበር እኮ ነው የምልህ።»

«ሰማሁሽ። አልወጣሁም። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። ለጨረታው ድረ ገጽ ጻፈች። መልሱ ባንድ ደቂቃ መጣ፤ ሰው እንዳልጻፈው ያስታውቃል። ዕቃው ከደረሰዎት ሠላሳ ቀን ስላለፈ ቅሬታዎን መቀበል አንችልም፣ ስለመረጡን እናመሰግናለን ይላል። ድረሱልኙን ለልደቱ ብላ አምስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ደብቃው ነበር። በራሷ ላይ የተናደደችው ንዴት በሌላው ንዴት ላይ ተደረበ። ለሻጩም ጻፈችለት። እሱ የመለሰው ከእራት በኋላ ነው፤ «ዕቃው ተፈትሾ የተላከ ነው። መብራቱ ይበራል። መመለስ አይቻልም።»

የሻጩን ገጽ ከፍታ ያየችው ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ድረሱልኝ እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ሸጧል። የገዢዎቹ ስም ተሸፍኗል፤ የጻፉት ምስጋና ግን ይነበባል። አንዱ «ቶሎ ደረሰኝ፣ ለፋሲካ ጉዞ ተዘጋጅተናል» ብሏል። ሌላዋ «ለአባቴ ነው የገዛሁት፣ አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» ብላለች። ራሊን ይቺን ሁለት ጊዜ አነበበቻት።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን አስነሳች። ጥቅሉ ላይ የላኪው አድራሻ ነበር፤ ዋያላ ከተማ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ በላይ ነው። ዴስ ኮፍያውን አድርጎ ወጣና ከጎኗ ገባ።

«ብቻሽን ከሄድሽ ትገድይዋለሽ» አለ።

«አብረኸኝ ብትሄድስ?»

«እይዝሻለሁ።»

መንገዱ በታጨደ የስንዴ ማሳ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ራሊን ነዳጁን ረገጠችው።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ያረፈደባቸው ተማሪዎች የጫንሽ አስመሰልሽው» አለ ዴስ።

«ተማሪ ጭኜ ቢሆን ቀስ እል ነበር።»

«ለመቶ አርባ ዶላር ይሄን ሁሉ ነዳጅ።»

«የገንዘብ ነገር አይደለም።»

«አሁን አይደለም። ስትጫረቺ ግን የገንዘብ ነገር ነበር።»

ይህን ያላት በክፋት አልነበረም። ራሊን ግን ነዳጁን ይበልጥ ረገጠችው።

ሻጩ ሊንደን ፕሩየት ይባላል። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ጢሙን በደንብ የተላጨ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። በሩ ላይ ተጎታች ጋሪ በውኃ ሲያጥብ ነው ያገኙት። ጋራዡ ክፍት ነበር፤ ውስጡ እስከ ጣሪያ በካርቶን ተሞልቷል። ጠረጴዛው አጠገብ አንዲት ሴት ጥቅሎች በፕላስተር ታሽጋለች። ራሊን ድረሱልኙን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ ላይ ያዘችው።

«ይሄን አንተ ነህ የሸጥክልኝ።»

«አ፣ ከተምቢ ቤይ።» ውኃውን ዘጋ። «እርስዎ ያን ሁሉ መንገድ በዚህ ፀሐይ ባልመጡ ነበር። ይደውሉልኝ ነበር እኮ።»

«ጽፌልህ ነበር። መመለስ አይቻልም አልከኝ።»

«እንደ ደንቡ አይቻልም። ግን እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ እዚህ ድረስም መጥተዋል። ገንዘብዎን አሁኑኑ እመልሳለሁ። ድረ ገጹ ላይ ምንም እንዳይጽፉ ብቻ ነው የምለምንዎት።»

ዴስ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። ራሊን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ አውቶቡስ ውስጥ ልጆች ሲጣሉ እንደምታደርገው፣ ንዴቷ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፅዋ ይወርዳል።

«ከየት ነው ያመጣኸው?»

«እንደ እርስዎ ከጨረታ። ድርጅቶች ጊዜው ያለፈበትን ዕቃቸውን በጅምላ ያወጡታል። አንድ በርሜል ሙሉ ነበር።»

«ባትሪው ያለቀበት ዕቃ መሆኑን ታውቃለህ።»

«መብራቱ ይበራል። ፎቶውን አይተዋል፣ ተጫርተው አሸንፈዋል። ያስገደደዎት ሰው አልነበረም።»

«ቀኑን ማን ለጠፈው?»

ሊንደን የውኃ ቱቦውን መጠቅለል ጀመረ። ሴትየዋ ፕላስተሩን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለች። ከጋራዡ ወጥታ ፀሐይዋ ላይ ቆመች። ሾና ትባላለች፤ ሚስቱ ናት። «እኔ ነኝ ያተምኩት፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ባትሪው ተቀይሯል ብሎኝ ነው። ሊንደን፣ ባትሪው ተቀይሯል አላልከኝም?»

«ሾና፣ አሁን ግቢ።»

«ተቀይሯል አላልክም?»

«ባትሪው ብቻውን ስንት እንደሚያወጣ ታውቂያለሽ? ማን ይጫነዋል ይሄን? ሰው ለሕጉ ሲል ይገዛዋል፣ ከወንበር ሥር ይከተዋል፣ ያበቃል።»

ራሊን ሰውየውን አየችው። ጨካኝ ፊት አልነበረውም፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ሰው ሲጭበረበር እንደሚስቅ ሌባ እንኳ አልነበረም። እንደዚያ ቢሆን አንድ ነገር ብላ ትሄድ ነበር። ይሄ ግን ነገሩ ትንሽ ነው ብሎ ከልቡ ያምናል።

«ገንዘብህን አልፈልግም» አለችው። «የሌሎቹን የአሥራ ስምንቱን አድራሻ ስጠኝ።»

«የደንበኛ ምስጢር ነው። ይሄንን እንኳ ሕግ ይከለክላል።»

«ስለ ሕግ አንተ ልትነግረኝ ነው?» እጇ ተነሣ፤ መሣሪያውን ልትወረውርበት ይሁን አይሁን ራሷም አላወቀችም። ዴስ ክንዷን ያዘ።

«ነይ እንሂድ» አለ። «ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ አይደለም።»

መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቶ እያሰሩ ሳሉ ሾና በተከፈተው መስኮት አንድ ደብተር አቀበለቻቸው። የፖስታ መላኪያ ደብተሯ ነበር፤ ስም፣ አድራሻ፣ የስልክ ቁጥር፣ ሁሉም በእሷ እጅ ጽሑፍ። ከኋላዋ ሊንደን ስሟን ይጠራል።

«ደውሉላቸው» አለች። «እኔ ብደውል አያምኑኝም። ምንስ ብዬ እደውላለሁ።»

መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ቃላቸውን የተቀበለው ፖሊስ ወረቀቱን ሞላ፣ ደብተሩን ኮፒ አደረገ፣ ሰኞ መርማሪ እንደሚያየው ነገራቸው። «ሰኞ» የሚለው ቃል ለራሊን አልዋጥላት አለ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ነው ሰው ባሕር ላይ ያለው። ዳቦ ቤት አጠገብ መኪናውን አቆሙና ዴስ በሊጥ የተጋገረ የሥጋ ፓይ ሊገዛ ሲገባ እሷ መደወል ጀመረች።

ሁሉም አላመሰገኗትም። አንዱ «መብራቱ ይበራል፣ አንቺ ማን ነሽ?» ብሎ ዘጋባት። አንዲት ሴት አጭበርባሪ ነሽ፣ ቀጥሎ የባንክ ቁጥሬን ልትጠይቂኝ ነው አለቻት። ለአባቷ የገዛችው ሴት ግን ወረቀቱን ስልኩን ሳትዘጋ ላጠችው፤ ከዚያ የተሳደበችውን ስድብ ራሊን ሰምታው አታውቅም። አንዱ ገዢ በዚያን ሰዓት ባሕር ላይ ነበር፤ ሚስቱ በሬዲዮ አግኝታ መለሰችው። ዴስ ያመጣው ፓይ ወረቀቱ ውስጥ ቀዘቀዘ።

አሥራ አንደኛው ቁጥር ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ የዋላሩ ከተማ ሰው ነበር። አይቮር ሾልዝ ይላል ደብተሩ። ስልኩን ያነሳው ሽማግሌ ነው።

ራሊን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ነገረችው። ስሟን፣ ከየት እንደምትደውል፣ ቀኑ የውሸት መሆኑን፣ ባትሪው የሞተ መሆኑን። «መሣሪያው ቤትዎ ነው ያለው? ወረቀቱን ቢልጡት—»

«የለም» አለ ሽማግሌው። «ባሕር ውስጥ ነው።»

«ጠፋብዎት?»

«ክረምት ላይ ጀልባችን ተገለበጠ። የእህቴ ባል አብሮኝ ነበር፣ ክላይቭ። ተጫንኩት። መብራቱ በራ። ይመጣሉ አልኩት፤ መብራቱን አሳየሁት። ሰባት ሰዓት ጀልባው ሆድ ላይ ተንጠልጥለን ቆየን። እሱ በአምስተኛው ሰዓት ለቀቀ።»

ራሊን ዜናውን አስታወሰች። በሬዲዮው ነበር የሰማችው፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በብርድ ሞቷል፣ ከድረሱልኛቸው ምንም ምልክት አልደረሰም። ያኔ ለዴስ ያለችውንም አስታወሰች። አጠቃቀሙን ሳያውቁ ምን አወጣቸው ነበር ያለችው። ሳህን እያጠበች ነበር።

«ያወጡኝ ሰዎች አንቴናውን በደንብ አልዘረጋኸውም ይሆናል አሉኝ» አለ አይቮር። «ምናልባት የመጥሪያውን ሳይሆን የመሞከሪያውን ቁልፍ ነው የተጫንከው አሉኝ። እኔም እንደዚያ ይሆናል አልኩ። በጨለማ፣ እጄ ደንዝዞ። ስምንት ወር ሙሉ እጄን ሳየው ነው የከረምኩት።»

«በትክክል ነው የተጫኑት» አለች ራሊን። «ገና ሳይገዙት የሞተ ነበር። ማንም ቢጫነው ያው ነው።»

ዴስ ፓዩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ ያያታል።

«ሰውየው የት ነው የሚኖረው?» አለ አይቮር።

አድራሻው ጉልበቷ ላይ ነበር። የመንገዱ ስም፣ የቤቱ ቁጥር። ከአንድ ሰዓት በፊት ራሷ ልትሰብረው የተነሣችው ፊት ትዝ አላት፤ መናገርም ፈለገች፣ በጣም ፈለገች። ይህ ሰው ከእሷ የበለጠ መብት አለው። ግን ሰባን ያለፈ ሰው ነው፤ ድምፁ ውስጥ ያለውንም ታውቀዋለች፤ ጠዋት መኪናዋን ስታስነሳ የነበራት ያው ነው።

«አልነግርዎትም» አለች።

«ክላይቭን የገደለው ሰው ነው።»

«ነው። ለዚህ ነው የማልነግርዎት። ፖሊሱ ስሙን ይዟል፤ አሁኑኑ ተመልሼ የእርስዎን ስምና የክላይቭን ስም አስጽፋለሁ። ሰኞ ይታያል ያሉኝን ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ተመልሳ አስጻፈች። ፖሊሱ የሞተ ሰው አለ ሲባል ብዕሩን አስቀምጦ ስልክ አነሳ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሊንደን ጋራዥ ታሸገ፤ በርሜሉ ውስጥ ሌላ ሠላሳ አንድ ተገኘ፤ ግማሹ ቀን ተለጥፎበታል። ሾና ቃሏን ሳይጠይቋት ሰጠች። ክሱ ወራት ፈጀ፤ ፍርድ ቤቱ እስር ፈረደበት፤ ራሊን ግን ሲፈረድበት የጠበቀችውን ያህል ደስ አላላትም። ንዴቷ የሚያርፍበት ቦታ አላገኘም። ሰው ሁሉ በጨረታ መግዛት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነበርና አሁንም ይጠይቃታል። «ቴሌቪዥን ግዛ፣ ሬዲዮ ግዛ» ትላለች። «ቢበላሽ የክሪኬት ውጤት ነው የሚያመልጥህ። ሕይወትህን የምታንጠለጥልበትን ነገር ግን ሱቅ ገብተህ፣ የሻጩን ዓይን እያየህ፣ ሙሉ ዋጋውን ከፍለህ ግዛ።» እንዲህ እያለች ለዴስም አዲስ ድረሱልኝ ከሱቅ ገዛችለት። ሲከፍሉ ቅንድቧን ከፍ አላደረገችም።

ከዚያ በፊት ግን፣ ከስልክ ጥሪዋ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አይቮር ራሱ ደውሎላት ነበር። እህቱ ዊልማ፣ የክላይቭ ሚስት፣ ከቀብሩ ወዲህ አላነጋገረችውም። ፖሊሶቹ ነግረዋታል፤ ቢሆንም በሩን አልከፈተችለትም። «አንቺ ብትነግሪያት» አለ። «እኔ ስናገር ሰበብ ይመስላል።»

ራሊን ባሕረ ሰላጤውን ዞራ ዋላሩ ሄደች፤ አይቮርን አስከትላም በሩን አንኳኳች። ዊልማ በሩን ከፈተች፤ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት፤ ወንድሟን ከራሊን ጀርባ ስታየው ፊቷ አልተለወጠም። ራሊን ቆማ ነገረቻት። መሣሪያው እንደሞተ፣ ወንድሟ በትክክል እንደተጫነው፣ ስህተት እንዳልሠራ።

«ሰምቻለሁ» አለች ዊልማ። «እሱ ስህተት አልሠራም አሉኝ።» ከዚያ ወደ አይቮር ዞረች። «በጨረታ መግዛትህን ግን አልነገርከኝም። የራስህ ጀልባ፣ የራስህ ሬሳ ቢሆን ምን ገዶኝ። ባሌን ይዘህ ነው የወጣኸው። ስንት አተረፍክ?»

አይቮር ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

ራሊን ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው ሽማግሌውን ነፃ ልታወጣ ነበር፤ ይሄን መልስ አልጠበቀችም። ስንት አተረፍክ የሚለው ጥያቄ ለእሷም ነበር። ሃያ ሴኮንድ ሲቀር ያስገባችው ዋጋ፣ ብቻዋን የሳቀችው ሳቅ፣ ሱቅ የገቡትን ሰዎች ያሳፈረችበት ቅንድብ።

«እኔም ነኝ የገዛሁት» አለች። «ያንኑ፣ ከዚያው ሰው። ለባሌ ልደት። ምዝገባው ላይ ያለችው ልጅ ባታስቆመኝ ኖሮ፣ አሁን እርስዎ የቆሙበት ቦታ እኔ ነበርኩ የምቆመው። እኔም አትርፌያለሁ ብዬ ስቄ ነበር።»

ዊልማ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት። ንዴቷ አልበረደም፤ ከዓይኗ አልወጣም። ብቻ የበሩን እጀታ የያዘው እጇ ላላ።

«ይቅር አልልህም» አለችው ለወንድሟ። «ዛሬ አልልህም።»

«እሺ።»

«ግን አምስት ሰዓት አብራችሁ ነበራችሁ። ምን እንዳለ ማንም አልነገረኝም። ክላይቭ ምን ይል ነበር?»

ዊልማ ከበሩ ዞር አለች።

«ግቡ» አለች። «በሩን ዝጉት፣ ዝንብ ይገባል።»